ከቡናው አጠገብ የቆምኩባቸው ፎቶዎች

ወደ ሥራ የተመለስኩት ማንም ሳይጠራኝ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "አራስ ነሽ እኮ፤ አራስ ከቤት አይወጣም" አለችኝ። ልጅ ያልታቀፈች አራስ እንዴት እንደምትታረስ አልጠየቅኳትም። ሻርፔን ደርቤ ወደ ሚዛን መናኸሪያ ወረድኩ። የቴፒው ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ነበርና መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ረዳቱ ስለሚያውቀኝ "ጠፋሽ፤ ወለድሽ እንዴ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ልጄ የሞተችው ሆዴ ውስጥ ነው። ስምንተኛ ወሬን ጨርሼ ነበር። አንድ ቀን መንቀሳቀስ አቆመች። ሆስፒታል ሄድን፤ ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዴ ላይ ወዲያና ወዲህ ስታንሸራትት ቆይታ ባሌን ወደ ውጭ ጠራችው። ሲመለስ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። ከዚያ አማጥኩ። ሕይወት የሌለው ልጅም እንደማንኛውም ልጅ ተምጦ እንደሚወለድ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ሴት ነበረች። ብዙ ፀጉር ነበራት። ባሌና ወንድሙ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወሰዷት፤ ከሰዓት በኋላ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ተመለሱ።

ድንኳን አልተተከለም። ዕድሩም አልተጠራም፤ ስም ያልወጣለት ልጅ ዕድር አይደርስበትም። ጎረቤቶች ግን ሁለት ሦስት እየሆኑ እየመጡ ተቀመጡ። "እግዜር ይተካልሽ" አሉኝ፤ "ገና ልጅ ነሽ፣ ማህፀንሽ ለምለም ይሁን" አሉኝ። "አሜን" አልኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ቆሞ ጸለየ፤ በመሃሉ እንቅልፍ ወሰደኝ። በዚያ ሰሞን ለቅሶ የሚመጣብኝ በሚመስለኝ ቦታ ሁሉ እንቅልፍ ይመጣብኝ ነበር። ጡቴ ግን የሆነውን ነገር አልሰማም፤ በሦስተኛው ቀን ወተት አጋተ። እናቴ በሻርፕ ጠፍንጋ አሰረችልኝ፤ እስኪደርቅ ድረስ እየፈታች ታስርልኝ ነበር።

የሕፃን ልብሶቹን እናቴ ሰብስባ የት እንዳደረሰቻቸው አላውቅም። ባሌ ደግሞ ከሱም ከኔም ስልክ ላይ እርጉዝ ሆኜ የተነሳኋቸውን ፎቶዎች በሙሉ አጠፋ። ካጠፋ በኋላ ነው የነገረኝ።

"እንዳታያቸው ብዬ ነው" አለኝ።

"እሺ" አልኩት።

የምሠራበት ቦታ ከቴፒ ወጣ ብሎ ያለ የቡና ማሳያ ጣቢያ ነው። ችግኝ ይፈላበታል፣ የተለያዩ የቡና ዝርያዎች ተተክለው እድገታቸው ይታያል፣ ገበሬዎች እየመጡ ያያሉ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያቸው ነኝ። ብዙውን ጊዜ የምጠራው ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ወይም የአንድ ሰው ፍላሽ አልከፈት ሲል ነው። ቴፒ አንድ ክፍል ተከራይቼ እየኖርኩ፣ ቅዳሜና እሁድን ሚዛን ባሌ ጋ እሄዳለሁ። እሱ ሚዛን ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ትውልዱም እዚያው ነው፣ ቤንች ነው። የኔ ወላጆች ከከምባታ መጥተው የሰፈሩ ናቸው።

አለቃችን ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"መጣሽ?"

"መጣሁ።"

"ዕረፍትሽን እኮ አልጨረስሽም።"

"ቤት ውስጥ ሥራ የለም" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ሃርድ ዲስክ አወጡ። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ማሳ ላይ የተነሱት ፎቶዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው አሉኝ። "አንድ ላይ አድርጊልን። እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው፣ ገበሬውም በፍላሽ ይዞት የሚሄድ ነገር ይሁን። ኔትወርክ ሲጠፋም የሚከፈት። አትቸኩዪ፤ ስትችዪ ብቻ።" ከሰው ጋር ብዙ የማያነጋግር ሥራ ፈልገው እንደሰጡኝ ገባኝ። አመሰግናለሁ ማለት እንደነበረብኝ ያሰብኩት ወንበሬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ለዚህ ዓይነት ሥራ ትልቅ ዌብሳይት አያስፈልግም። ተማሪ ሳለሁ ያወረድኩት አንድ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ መስኮትም ቁልፍም የለውም፤ የሚታዘዘው በጽሑፍ ብቻ ነው። ፎቶዎቹ በየፎልደራቸው ይደረደራሉ። ከዚያ ትዕዛዝ መቀበያው ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ፎቶዎቹ እዚህ አሉ፣ ፎቶ የሚታይበትን ጋለሪ እዚያ አድርገው፣ ማለት ነው። ኢንተር ይመታል። ፕሮግራሙ በየፎልደሩ እየገባ ከእያንዳንዱ ፎቶ አንድ መጠነኛና አንድ ድንክዬ ቅጂ ያወጣል፤ ድንክዬዎቹን ገጽ ላይ ደርድሮ ይጽፋል። ድንክዬውን ሲነኩት ትልቁ ይከፈታል፤ የቀስቱን ቁልፍ ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በቃ ይኸው ነው። ከጀርባ የሚሠራ ሌላ ነገር ስለሌለ የሚበላሽም የለም። ፎልደሩ በፍላሽ ተገልብጦ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ ማሻም ይሁን ማጂ። ዋናዎቹን ፎቶዎች ደግሞ አይነካቸውም፤ የሚሠራው ሁሉ ቅጂ ላይ ነው።

ወደድኩት ማለት አልችልም፤ በዚያን ጊዜ የምወደው ነገር አልነበረም። ግን ተስማማኝ። አይዞሽ አይለኝም። የጻፍኩት ልክ ከሆነ ይሠራል፤ ስህተት ከሆነ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ነግሮኝ ይቆማል። መስመሮቹ ጥቁሩ ላይ እየተከታተሉ ሲወርዱ አያለሁ፤ የፋይሉ ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ "ተጠናቀቀ"፣ ሌላ ስም፣ "ተጠናቀቀ"። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ባትሪው ሲያልቅ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ሻይ ያመጡልኛል፤ ቀዝቅዞ ያገኙታል።

ፎቶዎቹን ያነሳው የመስክ ቴክኒሻናችን ነው። የሸኮ ሰው ነው፤ ከኔ ብዙ ዓመት ስለሚበልጥ ጋሼ እለዋለሁ። ረጅም፣ ተጫዋች፣ ስለ አንድ ቅጠል እስኪደክምህ ሊያወራ የሚችል ሰው ነው። ቅጠሉን በፊትም በጀርባም ያነሳል። ቢጫ ዱቄት የሚያለብሰው በሽታ ያለበት ቅጠል፣ ፍሬው የጠቆረ ቅርንጫፍ፣ አበባው ዝናብ የመታው፣ ችግኝ፣ የጥላ ዛፍ ቅርፊት፣ ጉንዳን። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። በየማሳው እና በየዝርያው እየለየሁ ወደየፎልደራቸው አስገባኋቸው። አንዳንዱ ፎቶ ተጋድሞ ይወጣል፤ ያንን የሚያቀና አንድ ቃል ትዕዛዙ ላይ ጨመርኩ። የመጀመሪያውን ፎልደር ሞከርኩት፤ ሠራ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ቅጠል በቅጠል የሆነ ገጽ ሆነ። አለቃችን መጥተው ከጀርባዬ ቆመው አዩና "አቤት፣ እንዴት ያምራል" አሉ። ስክሪኑን አየሁት። አረንጓዴ ነበር።

ከዚያ ወደ ታችኛው ማሳ ፎልደር ደረስኩ።

ባለፈው ዓመት የቡናውን ቁመት የሚለኩበት ባለ ቀይና ነጭ ዘንግ ተሰብሮ ሌላ እስኪገዛ ድረስ ጋሼ ተቸግሮ ነበር። አንድ ቀን ቢሮ መጥቶ "ቁመትሽ ስንት ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "እንግዲያው ነይ፣ ዘንግ ሁኚኝ" አለኝ። ከቢሮ መውጣቱን ስለወደድኩት ሄድኩ። ከእያንዳንዱ የቡና እግር አጠገብ በስተግራ አቆመኝ፤ የቡናው ቁጥር በጠመኔ የተጻፈበትን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ በግራ እጄ ወደ ቡናው ዘርግቼ ያዝኩለት። ከዚያ በኋላ ባነሳ ቁጥር እየጠራኝ እወርድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እርጉዝ መሆኔን የምናውቀው እኔና ባሌ ብቻ ነበርን።

ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። ፎልደሩ እዚያ እንዳለ ግን አላሰብኩም። ትዕዛዙን ጽፌ ኢንተር መታሁ፤ መስመሮቹ ወረዱ፤ ገጹን ከፈትኩት። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፎልደር የመጀመሪያውን ፎቶ ሽፋን ያደርገዋል። የታችኛው ማሳ ሽፋን እኔ ነበርኩ፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ፣ ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ፣ ሰሌዳዬን ይዤ።

የቀስቱን ቁልፍ ተጫንኩ። ፎቶዎቹ የተደረደሩት በተነሱበት ቀን ነው፤ ፎቶ በውስጡ የተነሳበትን ቀን ይዞ ይቀመጣል። ቡናው ትንሽ ያድጋል፤ እኔ ትንሽ እወፍራለሁ። ቡናው አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ሹራቡ አልቆለፍ ይላል። በኋላ ሰፊውን የእናቴን ቀሚስ ለብሻለሁ። በኋላ ሰሌዳውን የያዘው እጄ ላይ ቀለበት የለም፤ ጣቶቼ አብጠው አውልቄው ነበር። አንዱ ላይ ሌላው እጄ ሆዴ ላይ ነው።

የሆነ ነገር እስኪመጣ ጠበቅሁ። ያስተዋልኩት ግን አንደኛው ቡና ከታች ቅጠሉን ማርገፉን ነው።

ጋሼ የገባው በዚህ መሃል ነው። የዕለቱን ፎቶ ሊሰጠኝ ካሜራውን ይዞ መጥቶ ስክሪኑን አየና በቆመበት ቀረ።

"ይኼ..." አለ።

"የታችኛው ማሳ ነው" አልኩት።

"ረስቼው ነበር እኮ። ሃርድ ዲስኩን ሳላየው ነው የሰጠኋቸው።"

"ምንም አይደል ጋሼ።"

"ተነሽ፣ ወጣ በይ። እኔ ላጥፋቸው።"

"ካጠፋሃቸው የዚያ ወቅት እድገት በሙሉ ይጠፋል።"

"ይጥፋ" አለ። ለአንድ የደበዘዘ የቅጠል ፎቶ ብሎ ዝናብ ውስጥ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ነው ይህን ያለው።

"መቁረጥ እችላለሁ" አልኩት። "ሁልጊዜ በግራ ነው የቆምኩት። ከግራ በኩል በአንድ ጊዜ ሁሉንም መቁረጥ ይቻላል።"

"ትችያለሽ?"

"አንድ መስመር ነው።"

እውነትም አንድ መስመር ነበር። ከእያንዳንዱ ፎቶ በስተግራ ይህን ያህል አንሳ፣ የቀረውን አስቀምጥ። ጋሼ አጠገቤ ቆሞ፣ ካሜራውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሲወርድ አየ። ሲያልቅ ገጹን ከፈትኩት። ቡናው ብቻ ቀርቷል። በግራው ጠርዝ በኩል ግን አንድ እጅ ሰሌዳ ይዞ ገብቷል። እጁን መቁረጥ አይቻልም፤ ሰሌዳው ከተቆረጠ የቡናው ቁጥር አይታወቅም። በየፎቶው ላይ ያ እጅ አለ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ በኋላ ያበጠ።

"እጅ ምንም አይልም" አለ ጋሼ። ለራሱ ነው የተናገረው።

"አይልም" አልኩት።

አለቃችን የተጠናቀቀውን ሲያዩ ያ ማሳ ላይ ቆም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "ጥሩ ነው" አሉና አለፉ።

ጋለሪው መጀመሪያ የታየው ሚዛን ውስጥ፣ ከየቀበሌው የመጡ ቡና አምራች ሴቶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ነው። ላፕቶፑን እኔ እንድነካካ ሄድኩ። ማብራሪያውን ጋሼ ይሰጣል፤ አማርኛ ለማይቀናቸው አንዲት ወጣት ወደ ቤንችኛ ታስተረጉማለች። መብራት ነበር፤ ፕሮጀክተሩም ሠራ። ሴቶቹ ስለ በሽታው ብዙ ጠየቁ። አንዳንዷ ከቦርሳዋ የደረቀ ቅጠል አውጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ጋር ታስተያየው ነበር። ሁሉም ነገር ከሩቅ ይሰማኝ ነበር፤ ጋሼ "ቀጥሎ" ሲል እጫናለሁ።

የታችኛው ማሳ ሲደርስ ከፊት የተቀመጠች ጠና ያለች ሴት እጇን አወጣች።

"ቁመቱ ስንት ነው?" አለች በአማርኛ።

ጋሼ ቁጥር ነገራት። ራሷን ነቀነቀች።

"በቁጥር አልገባኝም። ሰው አጠገቡ ቢቆም እናውቀው ነበር። ይቺ እጅ የማን ናት? ሴትየዋን ለምን አወጣችኋት?"

አለቃችን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው "ትንሽ የቴክኒክ ችግር ገጥሞን ነው" ማለት ጀመሩ።

"እጁ የኔ ነው" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። "የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ሙሉው አለ። ከምሳ በኋላ አሳያችኋለሁ።"

ምሳ ሲበሉ አዳራሹ ውስጥ ቀረሁ። አለቃችን መጥተው "ግድ የለሽም፣ አታስገድጂ ራስሽን" አሉኝ። "ፎቶ ነው" አልኳቸው። እንደዚያ ነው የተሰማኝም። ሃርድ ዲስኩን ሰካሁ። የመቁረጫውን መስመር ትቼ፣ ዋናዎቹን ፎቶዎች አመልክቼ ኢንተር መታሁ። ፕሮግራሙ ያልተለወጡትን ፎልደሮች ዘሎ ያንን አንዱን ብቻ እንደገና ሠራው። ሴቶቹ እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ አልቆ ነበር።

ግድግዳው ላይ ከራሴ ገዝፌ ታየሁ። ሴቲቱ "አዎ፣ አሁን ገባኝ፤ ቡናው ትከሻዋ ጋ ነው" አለች። ወጣቷ አስተረጎመች። ወደ ቀጣዩ አለፍኩ፤ ወደ ቀጣዩ። አዳራሹ ውስጥ መንሾካሾክ ተጀመረ። በስድስተኛው ወር ላይ ስደርስ ሁሉም ዞረው ወደኔ አዩ፤ መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ ወገቤን።

"ወለድሽ?" አለች ያቺው ሴት፤ ፈገግ ብላ። "ምን ወለድሽ?"

"ሴት" አልኳት። "አልቆየችም።"

አስተርጓሚዋ ቆመች። መተርጎም አላስፈለገም። ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ከኋላ አንዷ በቤንችኛ አንድ ነገር አለች፣ ሌሎቹ በዝቅታ ተቀበሏት። ጋሼ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። እዚያ ቆሜ እጄ የቀስቱ ቁልፍ ላይ እንዳለ አየሁት።

"እግዜር ያጽናሽ" አለች ሴቲቱ። ቀጥላ "በቡናውና በቡናው መካከል ስንት ክንድ ትተዋል?" ብላ ጠየቀች። ጋሼ ከመስኮቱ ዞሮ መለሰላት። ስብሰባው ቀጠለ።

ሲያልቅ ፍላሽ ያላቸው ገለበጡ። ፍላሽ የሌላቸው ልጆቻቸውን ልከው ሌላ ቀን እንዲወስዱ ተነጋገርን። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ቴፒ ገበያ ላይ የማላውቃት ሴት ቆማ ታየኛለች፤ "የቡናዋ ሴት አይደለሽም?" ትለኛለች። አዎ እላታለሁ። ዋጋ ቀንሳ የሸጠችልኝም አለች።

የዚያን ቀን ከስብሰባው ቀጥታ ወደ ባሌ ቤት ሄድኩ። ሱቁን ዘግቶ ገብቶ ራት አቅርቦ ጠበቀኝ። ከልጃችን በፊት ብዙ የሚያወራ ሰው ነበር፤ የደንበኞቹን፣ የሹፌሮቹን፣ የተሰበረውን ሞተር ሁሉ ያወራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ራት የምንበላው ሬዲዮ ከፍተን ነው። አልፎ አልፎ እንጀራውን ወደኔ ገፋ ያደርጋል።

"ፎቶዎች አሉ" አልኩት።

"የምን?"

"እርጉዝ ሆኜ።"

ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰው። "አጥፍቻቸው ነበር እኮ።"

"የስልኩን ነው ያጠፋኸው። እነዚህ የመሥሪያ ቤት ናቸው።"

ሬዲዮውን ቀነሰው። "ማየት እችላለሁ?" አለ። እንደ ጨዋ እንግዳ ነበር አጠያየቁ።

መሶቡን አንስቼ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት፤ ፍላሹን ሰክቼ ገጹን ከፈትኩና ቀስቱን አሳየሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ በአንድ አለፋቸው። ሲጫን ቀስ ብሎ ነው፤ በቅባት የጠቆረ ጣቱ ቁልፉ ላይ ትንሽ እየቆየ። ቡናውን አላየም፤ እኔ ደግሞ ቡናውን ነበር የማየው።

አንዱ ላይ ቆመ። እየሳቅኩ ነው፤ አንገቴ ወደ ኋላ ሄዷል።

"እዚህ ላይ ምን ሆነሽ ነው?"

"ጋሼ፣ ቡናው በቁመት በልጦሻል፣ አንቺ በወርድ በልጠሽዋል ብሎኝ ነው።"

ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ሌላ ተለወጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባሌ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ አባቱ ሲሞቱም ወገቡን ታጥቆ ሰው ሲያስተናግድ ነው የዋለው። እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ። ይህን ማድረግ እንደሚገባ ስለማውቅ ነው ያደረግኩት። ትከሻው ይሞቅ ነበር። እኔ አላለቀስኩም።

ሲረጋጋ እንደገና ቀስቱን ተጫነ። ከመጨረሻው የኔ ፎቶ ቀጥሎ ያለው ያው ቡና ነው፤ በስተግራው እኔ በነበርኩበት ቦታ አዲስ የተገዛው ቀይና ነጭ ዘንግ ተተክሏል።

"ከዚህ በኋላ ዘንጉ ነው" አልኩት።

"ዘንጉ ነው" አለ። ላፕቶፑን ግን አልዘጋውም።

ቆይቶ፣ ወደኔ ሳይዞር፣ "የቀበርናት አባዬ ማሳ ዳር ነው" አለኝ። "ጠይቀሽኝ አታውቂም።"

"እንዴት እንደሚጠየቅ አላወቅኩም።"

"እኔም እንዴት እንደሚነገር አላወቅኩም። ነገ ልውሰድሽ?"

"እሺ" አልኩት።

በማግስቱ ሱቁን አልከፈተም። ባጃጅ መንገዱ እስከሚፈቅድለት ወሰደን፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ቁልቁለቱ ያንሸራትት ነበር፤ ከፊት ከፊት እየሄደ ክንዴን ይይዝልኛል። የአባቱ ማሳ በአሮጌ ቡናና በእንሰት የተሞላ ነው። ወንድሙ ነው አሁን የሚይዘው። ዳር ላይ፣ ከአንድ ወፍራም የዋንዛ ግንድ አጠገብ፣ ትንሽ ክምር አፈር ነበረች፤ ሣር በቅሎባታል። ራስጌዋ ላይ ከወንዝ የመጣ ክብ ድንጋይ አስቀምጠዋል። የጠበቅሁት ትልቅ ነገር ነበር መሰለኝ፤ ያን ያህል ትንሽ ቦታ እንደሚበቃት አላሰብኩም።

ባሌ ተንበርክኮ ሣሩን ነቀለ። እኔም አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ነቀልኩ። እርጥብ ስለነበር በቀላሉ ይወጣል። ጸሎት እናድርግ ወይ አለኝ፤ አንተ አድርግ አልኩት፤ አጭር ጸሎት አደረገ።

በዚያ መሃል እንጨት የተሸከመች ሴት በማሳው ጠርዝ ባለው የእግር መንገድ መጣች። እኛን ስታይ ቆማ በቤንችኛ ሰላምታ ሰጠችን። ከዚያ ባሌን አንድ ነገር ጠየቀችው። ቋንቋውን ጥቂት ጥቂት እሰማለሁ፤ መሬት ልትገዙ ነው የመጣችሁት ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። የከተማ ልብስ ለብሰን ነበርና።

ባሌ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ መለሰላት። የመለሰላትን በደንብ ሰማሁ፤ አይደለም፣ እዚህ ልጅ አለችን፣ ነው ያላት።

ሴቲቱ ወደ ድንጋዩ አየች፤ ከዚያ ወደኔ። የእንጨቱን ገመድ ከግንባሯ ፈታ ሸክሟን መሬት ላይ አወረደች። መጥታ አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን ዘርግታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት። ባሌም ተቀመጠ። ከሩቅ የወፍጮ ድምፅ ይሰማ ነበር። ብዙ ቆየን። ደመናው ወርዶ ማካፋት ሲጀምር ሴቲቱ ተነሳች፤ ባሌ እንጨቱን ብድግ አድርጎ ጀርባዋ ላይ አስተካከለላት፤ እኔም ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ሣር አራግፌ ተከተልኩት።